«ከሳሹ ራሱ እጁ ንጹሕ አይደለም»፦ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ነጻ የመልስ ቅጾች ሲመዘኑ

ካሊፎርኒያ ውስጥ በውል ጉዳይ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ሳይዝ መልስ እንዲሰጥ የስቴቱ የዳኝነት ምክር ቤት ሁለት ነጻ ቅጾች አዘጋጅቷል። አንደኛው ፒኤልዲ-ሲ-010 ይባላል፤ ለውል ክስ የሚሰጥ መልስ ሲሆን ሁለት ገጽ ነው። ሁለተኛው ፒኤልዲ-050 ነው፤ አንድ ገጽ ብቻ ያለው የጠቅላላ ክህደት ቅጽ። ሁለቱም ከፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ይወርዳሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ይሞላሉ፣ ታትመው ይፈረማሉ። እዚህ የምንመዝናቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ተከሳሹ «በዚሁ ጉዳይ ያጭበረበረው ከሳሹ ራሱ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ሊረዳው አይገባም» ማለት ሲፈልግ ቅጾቹ ምን ያህል ያግዙታል?

የጊዜ ገደብ እንዳያልፍባችሁና በሌላችሁበት እንዳይፈረድባችሁ ለማድረግ ከአምስት አምስት ይገባቸዋል። ይህን መከላከያ በወጉ ለማንሳት ግን ከሁለት በላይ አንሰጣቸውም። ቅጹ ባዶ መስመር ይሰጣችሁና ዝም ይላል። አብዛኛው ሰው በዚያ መስመር ላይ «አንክሊን ሃንድስ» (ንጹሕ ያልሆኑ እጆች፣ የመከላከያው የእንግሊዝኛ ስም) የሚል ሁለት ቃል ጽፎ ይፈርማል፤ መከላከያውም እዚያው ይሞታል።

መጀመሪያ ስያሜው። በአማርኛ «እጁ ንጹሕ ነው» ስንል ሰውየው አይሰርቅም፣ ጉቦ አይበላም ማለታችን ነው፤ ስለ ጠቅላላ ጠባዩ መመስከራችን ነው። ፍርድ ቤቱ የሚለው ከዚህ በጣም የጠበበ ነው። መከላከያው የመጣው ከእንግሊዝ የርትዕ ችሎቶች (ከሕጉ ፊደል ይልቅ ፍትሐዊነትን አይተው ይፈርዱ ከነበሩ ችሎቶች) ሲሆን ዳኛውን የሚያሳስበው ከሳሹ በአጠቃላይ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለው አይደለም፤ በዚህ በቀረበው ጉዳይ ላይ ምን አደረገ የሚለው ነው። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ሦስት ነገር ያያሉ፦ ተመሳሳይ ጉዳይ ቀደም ሲል እንዴት ተወስኗል፣ የተፈጸመው ጥፋት ምን ዓይነት ነው፣ ጥፋቱስ ከሳሹ ደረሰብኝ ከሚለው ጉዳት ጋር ምን ያገናኘዋል። ይህ መለኪያ የታወቀው በ1990 በተወሰነ የአንድ ሐኪም ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ጠበቃው መክሮት በመሐላ ቃሉን ሲሰጥ ዋሸ፤ ኋላም «በምክሩ ተጎዳሁ» ብሎ ጠበቃውን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ከጉዳቱ ውስጥ የራሱ የሐኪሙ ውሸት ስላለበት ክሱን አልተቀበለውም።

በ1999 ደግሞ ኬንዳል-ጃክሰንና ጋሎ በተባሉ ሁለት የወይን ጠጅ አምራቾች ክርክር ላይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለዚህ ግምገማ የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦችን አስፍሯል። ጥፋቱ የግድ ወንጀል ወይም ራሱን ችሎ የሚያስከስስ መሆን የለበትም፤ ኅሊናንና ቅን ልቦናን የሚጥስ ከሆነ በቂ ነው። ሁለተኛው ነጥብ መከላከያው በካሊፎርኒያ የገንዘብ ካሳ በሚጠየቅበት ክስም ላይ ይሠራል የሚለው ነው። በብዙ ሌሎች ስቴቶች ግን ዛሬም ከርትዕ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ ከእግድ ወይም ውል በዓይነት እንዲፈጸም ከሚቀርብ ጥያቄ፣ እምብዛም አይወጣም። ስለዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ግምገማ እንዳለ ወስዳችሁ አትጠቀሙበት፤ ቅጹም ሕጉም ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ሕግ የተማሩ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1757 ካለው፣ «የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሌላውን ፈጽምልኝ ሊል አይችልም» ከሚለው ሐሳብ ጋር እንዳያምታቱት። እዚያ ጥያቄው አለመፈጸም ነው፤ እዚህ ግን ክፋት ወይም ማታለል መኖር አለበት። በካሊፎርኒያም ከሳሹ ግዴታውን ስላልፈጸመ ብቻ እጁ ቆሽሿል አይባልም።

ወደ ቅጾቹ እንመለስ። መጥሪያው በእጃችሁ ከተሰጣችሁ መልስ የምታስገቡበት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራሉ። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የፍርድ ቤት በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል። መጥሪያው ቤት ላገኙት ለሌላ አዋቂ ተሰጥቶ ቅጂው በፖስታ ከተላከ መጥሪያው ደረሰ የሚባለው ከተላከ በ10ኛው ቀን ስለሆነ ጊዜው በተግባር 40 ቀን ይሆናል። ይህ ገደብ ካለፈና ከሳሹ በሲአይቪ-100 ቅጽ ከጠየቀ የመከራከር መብታችሁ ይዘጋል። ማስከፈት ይቻላል፤ ግን በስሕተት ወይም በቂ ምክንያት ባለው ቸልታ መሆኑን በ6 ወር ውስጥ አመልክታችሁ ማስረዳት አለባችሁ። ከቤት መልቀቅ ክስ ከሆነ እነዚህን ቅጾች ተዉአቸው፤ ለእሱ ዩዲ-105 የሚባል የራሱ ቅጽ አለው፣ ጊዜውም 10 የሥራ ቀን ብቻ ነው። 12,500 ዶላር ድረስ በሚያየው የአነስተኛ ክሶች ችሎት ከሆነ የቀረባችሁት ደግሞ የጽሑፍ መልስ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ክርክሩ በቃል ነው።

መልስ ለማስገባት የሚከፈለው ክስ ለመክፈት ከሚከፈለው አያንስም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። እስከ 10,000 ዶላር ለሆነ ክስ 225፣ ከዚያ በላይ እስከ 35,000 ለሆነ 370፣ ከ35,000 በላይ ለሆነ 435 ዶላር ነው፤ በጥቂት ካውንቲዎች ትንሽ ይጨምራል። ከመሄዳችሁ በፊት የካውንቲያችሁን የክፍያ ዝርዝር ተመልከቱ። መክፈል የማይችል ኤፍደብሊው-001ን ሞልቶ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ኤፍደብሊው-003ን ጨምሮ ከመልሱ ጋር አንድ ላይ ያስገባል። መልሱን ሳያስገቡ የክፍያ ነጻነቱን ውሳኔ መጠበቅ የ30 ቀኑን ያስበላል።

ከሁለቱ ቅጾች የትኛው? ክሱ በመሐላ ያልተረጋገጠ ከሆነ አንድ ገጹ ፒኤልዲ-050 ይበቃል፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ክሱን በሙሉ ትክዳላችሁ። በመሐላ ተረጋግጦም ክሱ 35,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ነገር ግን ዕዳው ወደ ሰብሳቢ ድርጅት የተላለፈና ከ1,000 ዶላር በላይ ከሆነ አይሆንም። ከ35,000 በላይ የሆነና በመሐላ የተረጋገጠ ክስ ከመጣ በፒኤልዲ-ሲ-010 እያንዳንዱን አንቀጽ ለይቶ መካድና መልሱንም በመሐላ ማረጋገጥ ግድ ነው። በዚህ ቅጽ ተራ ቁጥር 3 ላይ ወጥመድ አለ። ሁለተኛውን ሳጥን ስትመርጡ «ከሚከተሉት በቀር የክሱን ሁሉ አምናለሁ» ማለታችሁ ነው። ከሥሩ የዘለላችሁት አንቀጽ እንደታመነ ይቆጠራል። «አላውቅም» ለምትሏቸው የተለየ ቦታ አለ፤ እሱንም መሙላት ነው።

ቁልፉ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በፒኤልዲ-ሲ-010 ተራ ቁጥር 4፣ በፒኤልዲ-050 ደግሞ ተራ ቁጥር 2፣ ጠበቆች «አፈርማቲቭ ዲፌንስ» የሚሉት ይጻፍበታል፤ «ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ ከሳሹ ማግኘት የለበትም» የሚል ተጨማሪ መከላከያ ማለት ነው። ይህን አለመጻፍ ሳይነሳ የቀረ መከላከያ ያደርገዋል፤ የማስረዳቱ ሸክምም በተከሳሹ ላይ ነው። አንድ ገጹ ቅጽ ቢያንስ «የሚከተሉትን ፍሬ ነገሮች» ይላል፤ ፍሬ ነገር እንደሚፈለግ የሚያሳይ ፍንጭ ነው። ሁለት ገጹ እሱንም አይልም፤ ስለዚህ ሰው የመከላከያ ስሞችን ከኢንተርኔት ገልብጦ ከአንድ እስከ ሃያ ይደረድራል። ለዚህ ነው በዚህ ጉዳይ ላይ አጭሩ ቅጽ ከረጅሙ ይሻላል የምንለው።

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ አካባቢም ሆነ በኦክላንድ ሊገጥም የሚችል ጉዳይ እናስብ። የ20 ሰው እቁብ ነው፣ በወር 1,500 ዶላር፤ ስለዚህ ዕጣው 30,000 ዶላር ነው። አንድ አባል በአራተኛው ወር ዕጣ ደረሰው፣ እስከ ስምንተኛው ከፍሎ አቆመ። የእቁቡ ሰብሳቢ የቀሩትን 12 ወራት፣ 18,000 ዶላር፣ ጠይቆ ከሰሰው። (የእቁብ ዳኛና የፍርድ ቤት ዳኛ እዚህ ላይ እንዳይደባለቁ፤ ስለዚህ ሰብሳቢ እንላለን።)

ተከሳሹ «ከሳሹ ከእቁቡ የሚያገኘውን ገቢ ለግብር ቢሮ አያሳውቅም» ብሎ ቢጽፍ ምንም አያመጣም። ያ በመንግሥትና በሰብሳቢው መካከል ነው፤ የተከሳሹን ዕጣ አልነካም። «በሌላ እቁብ ሰው አስለቅሷል» ቢል ሌላ ጉዳይ ነው። «ትዳሩን አፍርሷል» የሚል መልስም ይጻፋል፤ እሱን እንለፈው። ነገር ግን ሰብሳቢው ከሃያዎቹ ስሞች ሦስቱን ራሱ ፈጥሮ የነሱን መዋጮ ሳይከፍል የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ወር ዕጣ በነሱ ስም ወስዶ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ለተከሳሹ የደረሰውም 30,000 ሳይሆን 25,500 ነው። ማታለሉ ከሳሹ ዛሬ ገንዘብ በሚጠይቅበት በዚያው ስምምነት ውስጥ ነው፤ የተጎዳውም ተከሳሹ ነው። መከላከያው የሚቆመው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

አሁን አጻጻፉን እናወዳድር። ደካማው እንዲህ ይላል፦ «ከሳሽ እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ክሱ ውድቅ ይደረግልኝ።» ይህ መደምደሚያ እንጂ ፍሬ ነገር አይደለም። ጠንካራው ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ጃንዋሪ 14 ቀን 2024 ከሳሽ የ20 አባላት ስም ዝርዝር በቫይበር ልኮልኝ ዝርዝሩን አምኜ ገባሁ። በተራ ቁጥር 6፣ 11 እና 17 የተጻፉት ሰዎች የእቁቡ አባላት አልነበሩም፤ ዕጣቸውን የያዘው ከሳሽ ነበር። ከሳሽ በነዚህ ስሞች መዋጮ አልከፈለም፤ የጃንዋሪንና የፌብሩዋሪን ዕጣ ግን ወሰደ። በአፕሪል የተሰጠኝ 25,500 ዶላር ነው። ጉድለቱን ስጠይቀው አባላቱ እንደዘገዩ ነገረኝ፤ ይህ ሐሰት መሆኑን ያውቅ ነበር። አሁን የሚጠይቀው 18,000 ዶላር በዚሁ ዝርዝር ላይ ከተመሠረተው ስምምነት የመጣ ነው።» ማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ፣ ምን ብሎ፣ እኔን እንዴት ጎዳኝ፣ ከጥያቄው ጋር በምን ይገናኛል። ስድስቱም ካልተመለሱ ጽሑፉን አታስገቡ። በቅጹ ላይ ያለው መስመር ለዚህ አይበቃም፤ ኤምሲ-025 የሚባለውን ተጨማሪ ገጽ አያይዙና በቅጹ ላይ «በተያያዘው ገጽ እንደተገለጸው» በሉ። ፒኤልዲ-ሲ-010 ከሆነ አባሪውን ቆጥራችሁ የገጹን ብዛት በተራ ቁጥር 1 ላይ ማስተካከል እንዳትረሱ። ቅጹ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ የካሊፎርኒያ ሕግ የጽሑፍ ክርክሮች ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆኑ ያዛል።

በምሳሌው ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቆ መቀመጡን ልብ በሉ። የጎደለው 4,500 ዶላር የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ከሚጠየቀው ዕዳ ላይ ሊቀነስ (ሊቻቻል) ይችላል። የፈጠራ ስሞቹ ደግሞ የማታለል ጥያቄ ናቸው። ለየብቻ ቁጥር ሰጥታችሁ ጻፏቸው፤ ዳኛው ማታለሉን ባይቀበል እንኳ ማቻቻሉ ይተርፋል። ዳኛ ማታለሉ ቢረጋገጥለትም መከላከያውን ላለመቀበል ሥልጣን አለው፤ ተከሳሹ ራሱ እኩል ካጠፋ ደግሞ ሚዛኑ ይከብድበታል። 30,000 ይገባኛል ብሎ 25,500 የተቀበለ፣ 12,000 ብቻ ከፍሎ ያቆመ ሰው በዳኛ ዓይን ፍጹም ንጹሕ አይደለም። ይህን ቅጹ አይነግራችሁም።

ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ይርጋን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ አስሉ። በካሊፎርኒያ በቃል የተደረገ ውል የይርጋ ጊዜው 2 ዓመት፣ በጽሑፍ የተደረገው 4 ዓመት ነው። ክፍያው ከተቋረጠ በኋላ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ የቆየ የቃል እቁብ ሰብሳቢን ለማስቆም ስለ እጁ ንጽሕና መከራከር ላያስፈልግ ይችላል። ሰው በንዴት «አጭበርባሪ ነው» የሚለውን ገጽ ሞልቶ፣ ቀን በመቁጠር ብቻ የሚያሸንፍበትን መከላከያ ይረሳል። የይርጋው መስመር በዚያው በተራ ቁጥር 4 ወይም 2 ይጻፋል።

መልሱ ከገባ በኋላ ምን ይመጣል? ከሳሹ በ10 ቀን ውስጥ «ዲመረር» በሚባለው መቃወሚያ መልሳችሁ በሕግ አይቆምም ሊል ይችላል። ባዶ ስም ብቻ የጻፈ ሰው የሚመታው እዚህ ነው። መቃወሚያው ከመሰማቱ በፊት በጊዜው ከተሠራ መልስን አንድ ጊዜ ያለ ዳኛ ፈቃድ ማሻሻል ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የበለጠ የሚያደክመው ግን ሌላ ነው። ከሳሹ መደበኛውን የጥያቄ ቅጽ ይልካል፤ በዚያ ውስጥ ቁጥር 15.1 ያነሳችሁትን እያንዳንዱን መከላከያ ለይታችሁ የተመሠረተባቸውን ፍሬ ነገሮች ሁሉ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ስምና አድራሻ፣ የሚደግፉ ሰነዶችን እንድትዘረዝሩ ይጠይቃል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ፣ በመሐላ ነው፤ በፖስታ ከመጣ 5 ቀን ይጨመራል። ከኢንተርኔት 20 መከላከያ የገለበጠ ሰው ለሃያዎቹም በመሐላ ፍሬ ነገር መፈለግ አለበት። ሁለት ብቻ የጻፈ በአንድ ምሽት ይጨርሳል።

ይህ መከላከያ ጋሻ ነው፤ ገንዘብ አያስመልስም። ምሳሌው ላይ ያለው ተከሳሽ 4,500ውን ወይም ሌላ ጉዳት ከፈለገ የተከሳሽ ከሳሽነት አቤቱታ ያስፈልገዋል። ለውል ጉዳይ ቅጹ ፒኤልዲ-ሲ-001 ነው፤ ራሱ የክስ ቅጹ ሲሆን ላዩ ላይ «ክሮስ-ኮምፕሌይንት» የሚለውን ሳጥን ምልክት ታደርጉበታላችሁ። ከዚያው ጉዳይ የመነጨ ጥያቄ ካላችሁ ከመልሱ ጋር ወይም ከመልሱ በፊት ማስገባት ግድ ነው፤ አለበለዚያ መብቱ ሊቀር ይችላል። የመልስ ቅጾቹ ስለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ አለማስቀመጣቸው ከጉድለቶቻቸው ሁሉ የከፋው ይመስለናል።

ማስረጃው አብዛኛውን ጊዜ የቫይበር፣ የቴሌግራም ወይም የድምፅ መልእክት ነው፤ ያውም በአማርኛ። ዳኛ ፊት ለማቅረብ የእንግሊዝኛ ትርጉም መኖር አለበት፤ ትርጉሙም ብቃት ባለው አስተርጓሚ በመሐላ የተረጋገጠ ይሁን። የአጎት ልጅ የተረጎመው አይበቃም። የመልእክቱን ገጽ ስታነሱ ቀኑ፣ ሰዓቱና የላኪው ስም አብረው እንዲታዩ አድርጉ። ለችሎት አስተርጓሚ አይኤንቲ-300 በሚባል ቅጽ በነጻ ይጠየቃል፤ አማርኛ በየቀኑ የሚጠየቅ ቋንቋ ስላልሆነ ቀጠሮው እንደታወቀ አስገቡት።

መከላከያው የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከሁሉም በላይ በሥራ ክርክር። በ2014 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳላስ በተባለ ሠራተኛ ጉዳይ የወሰነው ለስደተኛ ማኅበረሰባችን የቀረበ ነው። ሠራተኛው ሥራ የያዘው በሌላ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው በመባሉ አሠሪው «እጁ ንጹሕ አይደለም» ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ክሱን ሙሉ በሙሉ ሊያስቀረው እንደማይችል ወሰነ፤ አሠሪው ነገሩን ካወቀበት ቀን በኋላ ያለውን የቀረ ደመወዝ ብቻ ሊነካ ይችላል። ሠራተኛን የሚጠብቅ ሕግ ዓላማው ከአንድ ግለሰብ ጥፋት ይሰፋል። ከዚህ ጋር የሚሄድ ማስጠንቀቂያ፦ «ክሱን ካልተውክ ለኢሚግሬሽን እናገራለሁ» ብሎ መጻፍ በካሊፎርኒያ የማስፈራራት ወንጀል ሊሆን ይችላል። የከሳሹን እጅ ንጹሕ አለመሆን ለማሳየት የላካችሁት መልእክት የራሳችሁን እጅ እንዳያቆሽሽ ተጠንቀቁ።

ለዚህ ሁሉ ማን ይረዳል? በሁሉም 58 ካውንቲዎች የፍርድ ቤት የራስ አገዝ ማዕከል አለ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው። የትኛው ቅጽ እንደሚያስፈልግ፣ የት እንደሚፈረም፣ ክፍያና ፖስታ እንዴት እንደሆነ ሲያሳዩ ጎበዞች ናቸው። መከላከያ ግን አይመርጡላችሁም፤ ጠበቃችሁ አይደሉም፣ ከእናንተ በኋላ ከሳሹም ሊስተናገድ ይችላል። ስለዚህ «ምን ልጻፍ?» ሳይሆን «የጻፍኩት በትክክለኛው ቦታ ነው?» ብላችሁ ሂዱ፤ ያኔ ሙሉ አገልግሎት ታገኛላችሁ። በየሱቁ «ፎርም እንሞላለን» የሚሉትን በተመለከተ፣ በካሊፎርኒያ ለሕዝብ በክፍያ የፍርድ ቤት ሰነድ የሚያዘጋጅ ጠበቃ ያልሆነ ሰው በካውንቲው ተመዝግቦ 25,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ አለበት፤ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁት። ተመዝግቦም ቢሆን የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። የእኛ ምርጫ ሌላ ነው፦ ቅጹን ራሳችሁ ሞልታችሁ፣ ተራ ቁጥር 4ን ብቻ እንዲያይላችሁ ለተወሰነ ሥራ ብቻ የሚቀጠር ጠበቃ መያዝ። ሙሉ ክርክሩን ከማስያዝ በጣም ያነሰ ይከፈልበታል፤ ትክክለኛው ገንዘብም የሚወጣው እዚያ መስመር ላይ ነው።

የመከላከያው ጉልበት ጥርጣሬ ላደረበት አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ2016 በካሊፎርኒያ የፌደራል ፍርድ ቤት ጁሪ መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከጊልያድ 200 ሚሊዮን ዶላር እንዲያገኝ ፈርዶ ነበር፤ ክርክሩ በሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶች የባለቤትነት መብት ላይ ነው። ዳኛዋ ግን የመርክን ሠራተኛ የሐሰት ምስክርነትና ሌላ አሳፋሪ አሠራር አይታ በዚሁ መከላከያ ፍርዱን ሻረችው፤ በ2018 የይግባኙ ችሎት አጸናው። ወደ ኋላ ብንሄድ በ1725 እንግሊዝ አገር አንድ የአውራ ጎዳና ዘራፊ የዝርፊያ ሸሪኩን «ትርፌን አላካፈለኝም» ብሎ ከሶ ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ፣ ክሱን ያቀረቡት ጠበቆችም እያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ ተቀጡ። (ይህኛው በትክክል የሕገ ወጥ ውል ጉዳይ ቢሆንም ሁለቱ መከላከያዎች ዘመዳማቾች ናቸው።)

መልሱ ሲያልቅ ዋናውንና ሁለት ቅጂ ያዙ። ቅጂውን ለከሳሹ፣ ጠበቃ ካለው ለጠበቃው፣ በፖስታ የሚልከው እናንተ ሳትሆኑ ከ18 ዓመት በላይ የሆነና በክሱ ውስጥ የሌለ ሰው መሆን አለበት። ላኪው ፒኦኤስ-030ን ሞልቶ ይፈርማል፤ እሱም ከመልሱ ጋር መዝገብ ቤት ይገባል። መዝገብ ቤቱ ቅጂያችሁ ላይ ቀን ያለበት ማኅተም ያደርግላችኋል። ማኅተም የሌለበትን ቅጂ ይዛችሁ ከመስኮቱ እንዳትሄዱ።